ስም የሌለበት ሉህ

ላሆር፣ ኅዳር 2 ቀን 2017

ለወንድሜ ለሰኢድ ልጅ ለአስያ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት በአንቺ፣ በልጅሽ በሶፊ፣ ደጃፋችሁንም በሚረግጥ ሁሉ ላይ ይሁን። እኔ ከሳሉ በቀር ደህና ነኝ። ልጄ ሮሐም ደህና ናት። የምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ በጭሱ ምክንያት ስለ ተዘጋ ቤት ትውላለች፤ ከመስኮት መስኮት ትሄዳለች።

መስኮቱ ግን ምንም አያሳይም። የዚህ ከተማ ሰማይ ከወደቀ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ገበሬው የሩዝ ገለባ ያቃጥላል፣ ፋብሪካው ያጨሳል፣ መኪናው ያጨሳል፣ ነፋስ የለም። ትናንት ደጃፌ ላይ ቆሜ የመንገዱን ማዶ ፈለግሁት። ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሳሉ ይመጣል፣ ከዚያ ጫማው፣ ፊቱ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ልቤ ይመታል። በስድሳ ሦስት ዓመቴ የሰው ሳል መፍራት ጀመርሁ።

እሑድ ግን ወጣሁ። እሑድ እሑድ አሮጌ መጻሕፍት አስፋልት ዳር ይዘረጋሉ። አንድ ደንበኛዬ የሆነ ሻጭ አለ። መጽሐፍ ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው የባለቤቱ ስም ያለበትን ገጽ መቅደድ ነው። «ለምን?» አልሁት። «ጌታዬ፣ ስም ያለበት መጽሐፍ ይጠየቅበታል» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሠላሳ ዓመት በጋዜጣ ቤት አራሚ ሆኜ የሠራሁት እሱ የሚሠራውን ነው። «ጄኔራሉ» የሚለውን «አንድ ኃላፊ» አደርገዋለሁ፤ «አንድ ኃላፊ» የሚለውን «አንዳንድ ወገኖች»። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም እጄ ስም መጻፍ እምቢ አለኝ።

በስልክ እንደማልጽፍ ታውቂያለሽ። እዚህ ስልክ ጆሮ አለው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ መባሉ ይበቃኛል። አማርኛ ግን ሌላ ነው። አሥራ ሦስት ሚሊዮን ሰው በሚኖርበት ከተማ ይህን ፊደል የሚያነብ ከእኔ በቀር አንድ ሰው አላገኘሁም። አባቴ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ለአሰላ ልጆች ሒሳብ ሊያስተምር የመጣ ፓኪስታናዊ ነበር። እናቴን ከዲጃን እዚያው ቀብሮ፣ እኔን በአሥራ አራት ዓመቴ ይዞኝ ሲመለስ፣ ከዚያ ከተማ ያወጣሁት ነገር ይህ ፊደል ብቻ ነው፤ አያትሽ ሀጂ ከሊፋ በሱቁ ባንኮኒ ላይ እጄን ይዞ ያስጻፈኝ። ቀኑንም እስከ ዛሬ በእናንተ አቆጣጠር እቆጥራለሁ። በየትኛው ቀን ላይ እንዳለሁ እንኳ እዚህ የሚያውቅ የለም። ለፈሪ ሰው ከዚህ የተሻለ ቤት የት ይገኛል?

ልቤ ውስጥ ያለውን በሁለተኛው ሉህ ላይ ለብቻው ጽፌዋለሁ። ፊርማዬን እዚህ ላይ ላኑረው፤ እዚያ ላይ አላኖርም።

የአባትሽ የአክስት ልጅ
ሰላሁዲን

[ሁለተኛው ሉህ]

ኅዳር 2 ቀን 2017

በከተማችን ሰው ሲያወራ አሁን የሚጠብቀው አፉን አይደለም፤ ፊቱን ነው። ሻይ ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ። አንዱ ዝም ይላል። ለምን ዝም እንዳለ ስላላወቁ ሁለቱም ዝም ይላሉ። አስተናጋጁ ዝምታውን ሲሰማ ሬዲዮውን ከፍ ያደርገዋል።

ኔትወርክ እንደ ዝናብ ሆኗል። ዛሬ የለም ይባላል። ለምን የሚል የለም።

የጎረቤታችን ልጅ ታርጋ በሌላት ነጭ መኪና ከተወሰደ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኑ ነው። እናቱ ጠዋት ጠዋት ጫማውን ታጥባለች። ትናንት ያጠበችውን ጫማ ዛሬም ታጥባለች፣ ደጃፍ ላይ ታሰጣዋለች። ሁላችንም በዚያ በኩል ማለፍ ትተናል። አዝነንላት አይደለም። ጫማውን ስናይ ሰው ያየን እየመሰለን ነው።

አገራችንን የምንወደው ቤት ውስጥ እንደ ተኛ ጽኑ ሕመምተኛ ነው። በር ዘግተን፣ እንዳይሰማን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስለ እሱ እናወራለን። ልጆቻችን ወይ መሄድ የሚፈልጉ ናቸው፣ ወይ የሄዱ። የማታው ዜና ሁሉ ደህና ነው ይላል፤ እኛም ሁሉ ደህና ነው እንላለን፤ ከዚያ ቁልፉን ሁለት ጊዜ እናዞራለን።

ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም። በአሥራ ሰባቱም ቀን ወደ እናቱ ሄጄ «ምን ሰማሽ?» አላልኋትም።


አሰላ፣ ጥር 6 ቀን 2017

ለተከበሩ ጋሽ ሰላሁዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ሳልዎ እንዴት ሆነ? ሮሐስ እንዴት ናት? እኛ አልሐምዱ ሊላህ፣ ከብርዱ በቀር የሚከፋ የለብንም። ጭላሎ ተራራ ላይ ውርጭ ወርዷል። በኢተያ በኩል የዘንድሮ ስንዴ ጥሩ ነው ይላሉ፤ ኮምባይነሮቹ ጨርሰው ሄደዋል።

መጽሐፍ ማከራየቱ እንደ ነገሩ ነው። ሰው ስልኩን ነው የሚያነበው። ቢሆንም መምህራን አሉ፣ የባንክ ዘበኞች አሉ። የባንክ ዘበኛን የመሰለ አንባቢ አላየሁም። አባቴ ያደርግ እንደነበረው ነው የማደርገው፤ ሰው መታወቂያውን ያስይዛል፣ መጽሐፉን ይወስዳል፣ መጽሐፉ ሲመጣ መታወቂያው ይመለሳል። መሳቢያዬን ስከፍት ሁልጊዜ ሃያ፣ ሠላሳ ፊት ያየኛል።

ሁለተኛውን ሉህ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አይቆጡኝና፣ ከመጀመሪያው መስመር በኋላ ላሆር መሆኑን ረሳሁት። በሦስተኛው ላይ አንድ ሰው መስኮቱን ሲያንኳኳ ደንግጬ ባንኮኒው ላይ የነበረ መጽሐፍ ውስጥ ከተትኩት። ኋላ ሳስበው ሳቄ መጣ። ግን እባክዎ ከእንግዲህ ስለ አየሩ ይጻፉልኝ። ስለዚያ መጽሐፍ ሻጭ ይጻፉልኝ። እዚህ ይህን ፊደል የማያነብ የለም።

እስከዚህ ያለውን የጻፍኩት ከአራት ቀን በፊት ነው። ፖስታ ቤት ሳልሄድ ቀረሁ፤ ከትናንት ወዲያ ኢተያ ለቅሶ ነበረኝ። ሱቁን ሶፊ ዋለችበት። ስመለስ መጽሐፉ የለም።

«ሶፊ፣ እዚህ ባንኮኒ ላይ የነበረውስ?»

«አከራየሁት፣ እማ።»

«ለማን?»

«ለአንድ ረጅም ሰውዬ።»

«መታወቂያው የታለ?»

«ረስቼው ነው የመጣሁት አለኛ። ትልቅ ሰው ነው፣ አምጣ ማለት አፈርኩ። ደብተሩ ላይ ግን ጽፌዋለሁ።»

ደብተሩን ገለጥኩ። «ረጅሙ ሰውዬ» ይላል።

«ውስጡ የነበረውን ወረቀት አላወጣሽም?»

«የደረስሽበት ምልክት መስሎኝ ተውኩት። እንዲያውም ለእሱም ይጠቅመዋል ብዬ።»

አሰላ ውስጥ ስንት ረጅም ሰው እንዳለ እስከ ዛሬ ቆጥሬ አላውቅም ነበር። በባጃጅ የሚያልፈው ረጅም ነው። መስጊድ በር ላይ የቆመው ረጅም ነው። ይመለሳል፤ ሰው ሁሉ መጽሐፍ ይመልሳል። ዱዓ ያድርጉልኝ።

ልጅዎ አስያ


ላሆር፣ ጥር 20 ቀን 2017

ለአስያ፣

አላህ በመንገዱ ሁሉ ይቅደምልሽ። መልስሽ አልደረሰኝም፤ ሳልጠብቅ ጻፍሁ። ጭሱ ቀለል ብሏል። ትናንት ከጣራ ላይ የመስጊዱን ሚናራ አየሁት፣ እንደ ታመመ ዘመድ ሰላም አልሁት።

የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። የእናቴን መቃብር ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። ስንት ዛፍ እንዳለው ረስቻለሁ። ሁለት ይመስለኛል።

ያ ልጅ ዘጠና አምስት ቀኑ ሆነ። እናቱ ጫማውን ማስጣት ትታለች። ደጃፉን ባዶ ሳየው የበለጠ ፈራሁ። የቀረውን እንደ ልማዴ በሁለተኛው ሉህ ላይ ጽፌልሻለሁ። ለአንቺ ስጽፍ ብቻ ነው የምተነፍሰው።

ሰላሁዲን


አሰላ፣ የካቲት 28 ቀን 2017

ለጋሽ ሰላሁዲን፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ላሳጥረው፣ አይቀየሙኝ።

ሁለተኛው ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሁለተኛውን ሉህ ሳላነበው ከሰል ላይ አደረግኩት። ይቅር ይበሉኝ። እስኪነድ ድረስ እጄን ሳላነሣ ቆሜ ነበር፤ እንዳይበርብኝ።

መጽሐፉ ተመልሷል። ጁምዓ ሰግጄ ስመጣ በመስኮቱ ፍርግርግ ገብቶ መሬት ላይ ወድቆ አገኘሁት። ገጽ በገጽ አራገፍኩት። ወረቀቱ የለም።

መጽሐፉ በተመለሰ በአሥራ አንደኛው ቀን ከገበያው በላይ ወዳለው ቢሮ ተጠራሁ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ትሑት ነው። «ኦቦሌቲ፣ ቁጭ በዪ» ብሎ እህቱ አደረገኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻዩን ሳይ ነው ቶሎ እንደማልወጣ የገባኝ። ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ በመዳፉ አለሰለሰው።

«ይቺን ታውቂያታለሽ?»

«የዘመዴ ናት።»

«ዘመድሽ የት ነው ያለው?»

«ላሆር።»

«ላሆር ደግሞ በየት በኩል ነው?»

«ፓኪስታን።»

«ሥራ ሄዶ ነው?»

«አይ፣ ፓኪስታናዊ ነው።»

ወደ ጓደኛው ዞረ። «ፓኪስታናዊ አማርኛ ይጽፋል ነው የምትለው።» ጓደኛው ሳቀ። «እኔ እዚሁ ተወልጄ እንዲህ አድርጌ አልጽፍም። ይምጣና ያስተምረን!»

«ቀኑስ?» አለ ትሑቱ። «ፓኪስታን ውስጥ ኅዳር ሁለት አለ እንዴ?»

«እሱ እንደዚያ ነው የሚቆጥረው።»

ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ። «እስቲ የመጀመሪያዋን መስመር ጻፊልኝ።» ጻፍኩ። ከእርስዎ ሉህ ጎን አኖረው። ጋሽ ሰላሁዲን፣ አንድ ነው። እርስዎን ያስጻፉት አያቴ ናቸው፣ አባቴን ያስጻፉት እሳቸው ናቸው፣ እኔን አባቴ። እኔ ራሴ የትኛው የኔ እንደሆነ ለመለየት ቀለሙን ማየት ነበረብኝ።

«ክፉ ነገር አልተጻፈበትም እኮ» አለኝ። «ግን ከተማው ማን ነው? መኪናው የማን ነው? ልጁ ማን ነው? ስም ቢኖረው ኖሮ አንብበን እንተወው ነበር። ባለቤቱን አምጪ። ካልሆነ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይላክ። እስከዚያ መታወቂያሽ እኛ ጋ ይቀመጥ።»

መታወቂያዬን ተቀብሎ መሳቢያውን ሳበው። ውስጡ ብዙ ፊት አየሁ።

የምለምንዎ ይህ ነው። ባለፈው ስለ አየሩ ብቻ ይጻፉ ብዬ ለምኜዎ ነበር። አሁን ሁሉንም ይጻፉ። ያንን ሉህ በእጅዎ ደግመው ይጻፉት፤ ላሆር ይበሉ፣ ፓኪስታን ይበሉ፣ ስምዎንና ሰፈርዎን ይጻፉ፣ ሕጋዊ ማኅተም ያስደርጉበት። ለክፉ ቀን ቢሆን የሶፊን ስልክ ቁጥር ከታች አኑሬያለሁ።

አስያ


ላሆር፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017

ለአስያ፣

አላህ ልብሽን ያረጋጋ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። በየቀኑ መልስ ጀምሬ ቀድጃለሁ። ለአንቺ የማልዋሸውን ብቻ ልጻፍ።

እዚህ ማኅተም የሚገኘው ፍርድ ቤት ደጃፍ ነው። ለማኅተሙ ሉሁ ወደ ኡርዱ መተርጎም አለበት። ተተርጉሞ ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ ቅጂው እዚያ ይቀራል። ገባሽ? አርባ ዘጠኝ ዓመት የተደበቅሁበትን ቤት በገዛ እጄ ከፍቼ ኑ ግቡ ማለት ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ስም ሳልሰርዝ አለፍሁ። ደክሞኝ ነበር፤ ጀግንነት አልነበረም። አሥራ አንድ ቀን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። ምንም አልጠየቁኝም። አንድ ቀን እንኳ። ራሴን ስጠይቅ የከረምሁት እኔው ነኝ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ያላደረግሁትን ሁሉ አድርጌ ነበር።

ለሮሐ ነገርኋት። «ባባ፣ የልጅቷን ፊት እንኳ አታውቀውም» አለችኝ። እውነቷን ነው። አላውቀውም።

በምትኩ የአባቴን የማስተማሪያ ፈቃድ ቅጂ ልኬልሻለሁ። በአሰላ ፓኪስታናዊ መምህር እንደነበረ ያሳያል። ምናልባት ይበቃቸው ይሆናል። ደብዳቤዎቼን ሁሉ ግን አቃጥዪ። የመቃብሩን ፎቶም ተዪው።

ሰላሁዲን


አሰላ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017

ለጋሽ ሰላሁዲን፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የአባትዎን ፈቃድ ወሰድኩላቸው። ትሑቱ አየው። «እኚህ ሰውዬ ሒሳብ ነው ያስተማሩት፤ አማርኛ አይደለም» አለ። ጓደኛው እንደገና ሳቀ። አሁን ሰኞ ሰኞ እየሄድኩ እፈርማለሁ። ሻይ ግን ቀርቷል።

በሚያዝያ መጨረሻ ዴራ ያለችው አክስቴ ሞተች። መንገድ ላይ ፍተሻ አለ፤ መታወቂያ የሌለውን ያወርዳሉ። ሶፊን ብቻዋን ላክኳት። እኔ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ፣ የሰው ሁሉ መታወቂያ መሳቢያዬ ውስጥ እያለ፣ አክስቴ ተቀበረች።

ሰፈሩ ሰምቷል። መጽሐፍ የሚከራይ ጠፋ። የባንኩ ዘበኛ እንኳ የወሰደውን መጽሐፍ መልሶ መታወቂያውን ወስዶ ሄደ፤ «ፈርቼ አይደለም፣ ዓይኔን አሞኝ ነው» አለኝ። በየጠዋቱ ባዶ መሳቢያ እከፍታለሁ።

በሬዲዮ ከጎረቤታችሁ አገር ጋር ተታኮሳችሁ ሲሉ ሰማሁ። ላሆር የሚለውን ስሰማ ደንግጬ ቆምኩ። ለእርስዎ የደነገጥኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ራሴን ያዝኩት፤ የደነገጥኩት ለወረቀቱ ነው። እዚህ ደርሻለሁ።

ፊቴን እንደማያውቁት ጽፈዋል። መታወቂያዬ ላይ አለ። እኔ ጋ ግን የለም።

አስያ


ላሆር፣ ሰኔ 9 ቀን 2017

ለአስያ፣ ለወንድሜ ልጅ፣ ለልጄ፣

ይህ በፈጣን መልእክት ይደርስሻል። ማኅተም ያለበትን ለእነሱ ስጪ። ይህንን ለራስሽ አንብቢ።

ደብዳቤሽን ባነበብሁ በማግስቱ ወደ ጎረቤቴ ሄድሁ። ሁለት መቶ ሠላሳ ቀን አልፎ። በሩን ስታንኳኪ ማን ነው ብላ አትጠይቅም፤ ትከፍታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን ሰማሽ?» አልኋት።

«ምንም።»

«የልጅሽን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ልጽፈው ነው። ማኅተም ያርፍበታል። ካልፈቀድሽ እተወዋለሁ።»

«በየቢሮው ስሄድ ስሙን እናገራለሁ፣ ማንም አይጽፈውም» አለችኝ። «ጻፈው። አንተ አራሚ አይደለህ? እንዳትሳሳት።»

ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ሥር ወደሚቀመጥ ጸሐፊ ሄድሁ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ማን ተረጎመው?»

«እኔ።»

«ትክክል መሆኑን ማን ይመሰክራል?»

«እኔው።»

«ሃጂ ሳሂብ፣ ዳኛውም እርስዎ ነዎት እንዴ?» ብሎ ሳቀ፣ ተራ የያዘውም ሰው ሳቀ። ከዚያ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ነጩ መኪና ጋ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። ጫማው ጋ ሲደርስ በዓይኑ ብቻ ማንበብ ጀመረ። ተራ የያዙት ሁሉ ሌላ ቦታ ያዩ ነበር። ማኅተሙን ሲያሳርፍ ቀና ብሎ አላየኝም።

በማኅተሙ ሥር ያለው ይህ ነው፦

«እኔ ሰላሁዲን ናዚር አሕመድ፣ የፓኪስታን ዜጋ፣ የላሆር ነዋሪ፣ ጡረተኛ የጋዜጣ አራሚ፣ የተያያዘውን ሉህ በራሴ እጅ ጽፌያለሁ። ከተማዋ ላሆር ናት። ነጩ መኪና የቆመው በእኔ መንገድ ላይ ነው። የተወሰደው ልጅ ስሙ ተይሙር ይባላል፤ ዕድሜው ሃያ ሁለት ነው፤ እስከ ዛሬ ሁለት መቶ ሠላሳ አራት ቀኑ ነው። በኢትዮጵያ፣ በአሰላ የምትኖረው ዘመዴ አስያ ሰኢድ ከሊፋ ከዚህ ሉህ ውስጥ አንድ ቃል አልጻፈችም። ጥፋቷ አንድ ነው፤ ከፈሪ ሰው ደብዳቤ መቀበሏ።»

የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጸሐፊው ሰርዘው አለኝ። ሠላሳ ዓመት ስሰርዝ ኖሬ ይህን አልሰርዝም አልሁት።

ወደ ቤት ስመለስ አንድ ሰው ከኋላዬ ሳለ። በሰኔ ጭስ የለም፤ የሚያስል ሰው ጥቂት ነው። ዞሬ አላየሁም።

ዛፎቹ ሁለት ናቸው ወይስ ሦስት?

ሰላሁዲን


አሰላ፣ ኦሮሚያ፣ ኢትዮጵያ
ሐምሌ 30 ቀን 2017

ለጋሽ ሰላሁዲን ናዚር አሕመድ፣ ላሆር፣ ፓኪስታን፣

የአላህ ሰላም ባሉበት ቦታ ይግባ፤ በሩ ቢዘጋም ይግባ።

በሰኔ ሃያ አራት ወረቀትዎ ደረሰኝ። ሰኞን ሳልጠብቅ ወሰድኩላቸው። ትሑቱ ሁለት ጊዜ አነበበው፣ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ከዚያ መሳቢያውን ስቦ ከብዙ ፊት መሐል የኔን ፈልጎ ሰጠኝ። በሩ ላይ ስደርስ ጠራኝ።

«ያ ልጅ ተመለሰ?»

«የትኛው ልጅ?»

«ተይሙር የተባለው።»

«አላውቅም» አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። ጓደኛው አልሳቀም።

በሳምንቱ ረጅሙ ሰውዬ መጣ። ሶፊ ስታየው ደብተሩን ይዛ ተነሣች። ፈቃደ ይባላል፤ ጢቾ ከተማ መምህር ነው፤ ለሥልጠና መጥቶ ነው መጽሐፉን የተከራየው። መታወቂያውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፣ እንደ ይቅርታ። ሉሁን ወዶት ሊያባዛው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። ቅጂዎቹን ይዞ ዋናውን መስታወቱ ላይ ረሳው። ቀጥሎ የገባው የቢሮ ሰው ነው፤ ሉሁ ከእኔ ሱቅ መጽሐፍ ውስጥ ሲወጣ ያየው ባለ ፎቶ ኮፒ ነገረው። ፈቃደ ሉሁን ሊወስድ ሲመለስ ይህን ሰማ፤ ፈርቶ መጽሐፉን በመስኮት ጥሎ ሄደ።

«ስለየት የተጻፈ መሰለዎት?» አልኩት።

«እህቴ፣ የእኛ ሰፈር መስሎኝ ነው እንጂ። ጢቾም ያነበቡት ሁሉ ይህን የጻፈው ከመካከላችን ማን ነው እያሉ ነው።»

እስከዚህ ያለውን በሐምሌ መጀመሪያ ጽፌ ልልክልዎ ነበር። ከአምስት ቀን በፊት ሶፊ ስልክ ላይ ከሮሐ መልእክት መጣ። ሶፊ ከእንግሊዝኛ እየተረጎመች አነበበችልኝ። «አባቴ ከተወሰደ ዘጠኝ ቀኑ ነው። የእናንተን ደብዳቤዎች ሁሉ ወሰዱ። አሁን ወደ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ መጀመሪያ እነሱ ጋ ይገባል። የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህ ምን ቋንቋ ነው፣ ምን ይላል? እኔ አላውቅም እላለሁ። እውነትም አላውቅም።»

ሦስት ቀን እጄ አልጻፈም። ያንን ወረቀት እኔ ነኝ ከእርስዎ የጎተትኩት። መታወቂያዬን ባየሁ ቁጥር ፊቴን እጠላዋለሁ።

በአራተኛው ቀን የመጀመሪያ ደብዳቤዎን አወጣሁ። አላቃጠልኩትም ነበር። በዚያ ከተማ ይህን ፊደል የሚያነብ ከእርስዎ በቀር እንደሌለ ጽፈዋል። እንግዲህ እነዚያ ሰዎች ይህ ምን እንደሚል ማወቅ ከፈለጉ፣ ወረቀቱን ይዘው የሚመጡት ወደ እርስዎ ነው። ሌላ አንባቢ ፈልገው ካገኙም ያግኙ፤ ስሜንና አገሬን ከላይም ከታችም ጽፌያለሁ፣ የምደብቀው የለም።

ስለዚህ ቀስ ብለው ያንብቡ። ዓይኔ ደክሟል ይበሉና ብርሃን ይጠይቁ። ውሃ ይጠይቁ። ወንበር ይጠይቁ። ምን ይላል ሲሉዎት ስለ ስንዴ ነው ይበሏቸው፤ እንዳይዋሹ ስለ ስንዴም እጽፋለሁ። በኢተያ በኩል ዘሩ በቅሏል፣ ዝናቡ አልበዛም። ጭላሎ ከሰኞ ጀምሮ አልታየም። ዘበኛው ተመልሷል፤ ዓይኑ ድኗል።

የእናትዎን መቃብር ሄጄ አየሁት። ፎቶ አልላክኩም። ፎቶ ያለ እርስዎም ይታያል፤ ይህ ግን ያለ እርስዎ አይነበብም። ዛፎቹ ሦስት ናቸው። ሁለቱ አሮጌ ጥድ ናቸው፣ እርስዎ የሚያስታውሷቸው። ሦስተኛው ከሄዱ በኋላ የተተከለ ነው። ስለ እሱ ረጅም ነገር አለኝ፤ ማን እንደ ተከለው፣ በየትኛው ዓመት ሊደርቅ እንደነበረ። በዚህ ሉህ ላይ አይበቃኝም።

ሃያ አምስት ሉህ ነው የጻፍኩት። አንድ ላይ አልከትታቸውም፤ በየሳምንቱ አንድ አንድ እልካለሁ። ይህን አንብበው ሲጨርሱና ወረቀቱን ሊወስዱብዎ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ገና ነው፣ ስለ ዛፉ የሚለው ሉህ በመንገድ ላይ ነው ይበሏቸው።

አስያ ሰኢድ ከሊፋ
አሰላ፣ ኦሮሚያ፣ ኢትዮጵያ